ጨቅላ ይዘን ለኤምባሲ ሥራ አዲስ አበባ ገባን፤ ልጅቷን ከግቢ እናውጣት ወይስ አናውጣት?

ባለቤቴ የአንድ አውሮፓ አገር ዲፕሎማት ናት። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። የተጋባነውም የወለድነውም ውጭ ነው። አዲስ አበባ ስትመደብ ልጃችን ስድስት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። የገባነው ነሐሴ 2017 ነው፤ ዝናቡ ዶፉን ያወርደዋል። የተሰጠን ቤት ካዛንቺስ ነው፤ ከአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ብዙም አይርቅም። ግንቡ ረጅም ነው፤ ላዩ ላይ እሾሃማ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ባለቤቴ ወዲያው ሥራ ጀመረች። እኔ የራሴን ሥራ አቁሜ ልጅ ይዤ ቤት ዋልኩ። ወድጄና ተስማምቼ ያደረግኩት ነው።

ከኤምባሲው የተሰጠን የአዲስ መጪዎች መመሪያ ወፍራም ነው። ያልፈላ ውሃ አትጠቀሙ ይላል። በእግር አትንቀሳቀሱ ይላል። ልጅ ለማታውቁት ሰው አታስነኩ ይላል። እኔ ደግሞ ያደግኩበት ሠፈር ልጅን ከእቅፍ እቅፍ እየተቀባበለ ነው የሚያሳድገው። እናቴ መጥታ እንዳታግዘኝ አባቴን ታስታምማለች። ስለዚህ መስከረም ላይ እዚህ መድረክ ላይ ጥያቄዬን ለጠፍኩ። ልጅቷን በጋሪ ይዤ መንገድ ብወጣ ምን ይመስላችኋል? ሞግዚት እንዴት ልቅጠር? ምን ላብላት? የምድቡ ዘመን ዓመታት ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ግንብ እያየች እንድታድግ አልፈልግም አልኩ።

መልሱ እየበዛ ሲሄድ የመድረኩ አስተባባሪ ሁሉንም በአንድ ላይ እንድጽፈው ጠየቀኝ። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተመድበው የሚመጡ ወላጆች ይህንኑ ይጠይቃሉ። እነሆ እንደ ቅደም ተከተላቸው፤ ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ነው ያስቀመጥኩት።

መልስ 1 ትሁት ነበር። እንኳን ደህና መጣችሁ ካለችና ልጅቷን ከመረቀች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ ጋሪ አይደለም፤ ስለ ክትባት ካርድ ነው። ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። እዚህ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና የመጀመሪያው ፖሊዮ ሲወለዱ ይሰጣሉ። ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይቀጥላል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይጀመርና በ15 ወር ይደገማል። በባለቤቴ አገር ግን ኩፍኝ የሚጀመረው ልጁ ዓመት ሲሞላው ነው፤ ቢሲጂም ለሁሉም ልጅ አይሰጥም። ልጃችን በእናቷ አገር ሰሌዳ ምንም አይጎድላትም፤ በዚህኛው ግን ይጎድላታል። ነርሷ ዓመት እስኪሞላት አትጠብቁ፣ የ9 ወሩን እዚሁ አስከትቧት፣ ስለ ቢሲጂ የሕፃናት ሐኪም ጠይቁ አለች። ከሁሉም መልስ ቶሎ የጠቀመን ይህ ነው።

መልስ 2 ቦሌ ያሉ ትልልቅ የገበያ ማዕከላት ውስጥ በጋሪ መዞር እንደሚቻል ጻፈ። መልስ 4 ያንኑ ደገመ። ሁለቱም በመኪና ሄዶ፣ ሕንፃ ውስጥ ዞሮ፣ በመኪና ስለመመለስ ነው የሚያወሩት። የእኔ ጥያቄ እሱ አልነበረም፤ ግን ቅንነታቸውን አመሰግናለሁ።

መልስ 3 ስለ ውሃ ነበር። የሁለት ልጆች እናት ናት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ መኖሩን፣ ሮቶው መጨረሻ የታጠበው መቼ እንደሆነ ዘበኛውን እንድጠይቅ መከረችኝ። ለጡጦ የሚሆነውን ውሃ ፈላ ሲል ማውረድ ይበቃል ብላ ጨረሰች። መልስ 6 እዚህ ላይ አረማት። ሰውየው ፊዚክስ አስተማሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። መልስ 3 ተመልሳ አመሰገነችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንቆርቆሪያው አጠገብ ሰዓት አስቀምጠናል። በራሱ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ማፍያ ያላችሁ ልብ በሉ፤ ሦስት ደቂቃውን አይጠብቅም።

መልስ 5 ሮቶውን ያየሁት እንደሆነ ጠየቀ። አየሁ። ታችኛው ላይ ሦስት ጣት የሚያህል ጭቃ ነበር። ዘበኛችን ጋሼ (ስማቸውን እዚህ አልጠራም) ክዳኑን ከፍተው በባትሪ አበሩልኝና አንገታቸውን ነቀነቁ። አሳጠብነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። መልስ 7 ግን ልጅቷንም ውሃውንም ትቶ ወደ እኔ መጣ። ወንድ ልጅ ሚስቱን ተከትሎ አገር አቋርጦ መጥቶ ዳይፐር ሲቀይር ይውላል ወይ ነው ጥያቄው። እናቷ የት ሄዳ ነው ብሎም ጨመረ። መልስ 8 ነገሩን ሊያለዝብ ፈልጎ፣ ምናልባት ለጊዜው ሥራ አጥቶ ይሆናል አለ። ይኼኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አመመኝ። ሥራ አላጣሁም። ባለቤቴ ቢሮዋ ገብታ በሰዓቱ ወተቷን እያለበች በብርድ ሣጥን ትልካለች። እኔ እሱን አሙቄ አጠጣለሁ። ሁለታችንም ደክሞን ነው የሚመሸው።

መልስ 9 ባይመጡ ኖሮ ውይይቱ እዚያው ይበላሽ ነበር። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። በደርግ ጊዜ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ባላቸው መምህር ነበሩ፤ የሚያስተምሩት ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ልጅ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ግቢው የጋራ ነው፣ ቧንቧው አንድ ነው። ጎረቤት ሁሉ እያየ ሽንት ጨርቅ አጥበው ያሰጡ ነበር። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ እየቆየ የጎረቤት ወንዶችም ልጅ ማዘል ጀመሩ። እትዬ ታሪኩን ተርከው መልስ 7ን ልጄ ብለው ጠሩትና፣ እናትህን አክብረህ እንዳደግክ እገምታለሁ፣ የሰው ሚስትም እንዲሁ ትከበራለች ብለው ዘጉት። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አልጻፈም።

መልስ 10 ወደ መንገዱ መለሰን። የካዛንቺስ የእግረኛ መንገድ በኮሪደር ልማቱ ስለሰፋ ጋሪ አሁን ያለችግር ይሄዳል፣ ድሮ ግን ክፍት ቱቦ እየዘለሉ ነበር አለ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ውጣ ብሎ መከረኝ። እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጨርሶ ማስቀረት ደግሞ አይሆንም፤ ልጅን ፀሐይ ማሞቅ የአያቶቻችን ወግ ብቻ አይደለም፣ አጥንት የሚጠነክርበት ቫይታሚን ዲ የሚገኘው ከዚያ ነው። ክረምቱን ሙሉ ተጠቅልሎ ቤት የሚከርም ልጅ ሪኬትስ ለሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ ይጋለጣል። ይህን መልስ 1 መጥታ አረጋገጠች።

መልስ 11 እና 12 ላይ ልቆይ። መልስ 11 አንድ መስመር ናት፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ ሰላም የሚልህ ሰው ግን የለም አለች። መልስ 12 የካዛንቺስ ተወላጅ ነው። ቤታቸው ፈርሶ ቤተሰቡ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። እሱ ያደገበትን ግቢ በዝርዝር ጻፈው። በር ላይ ቡና የምታፈላው ጎረቤት፣ ልጅ ሲያለቅስ ከሦስት ቤት መጥተው የሚያባብሉት ሴቶች፣ እድሩ፣ ድንኳኑ። ለአንድ ዲፕሎማት ልጅ ያ ግቢ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጥ ይጠቅማት ነበር አለ። አሁን ሰዉ ስለተበተነ አንተ የምትፈልገውን ነገር ሠፈሩ ውስጥ ማግኘትህን እጠራጠራለሁ ብሎ ጨረሰ። ሳነበው ዝም ብዬ ቀረሁ። በመስኮቴ የሚታየኝ ሣር የለበሰ ባዶ ቦታ ትናንት የሰው ቤት እንደነበር ማንም አልነገረኝም ነበር።

መልስ 13 ኮስተር ብሎ መጣ። እሱም የዚያው ሠፈር ልጅ ነው። ለሃያ ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ በክረምት ጎርፍ አልጋ ሥር ሲገባ፣ እሳት ሲነሳ መኪና ማስገቢያ የሌለው መንገድ፤ ይህንንም አብረህ ጻፍ አለው። መልስ 14 መልሶ፣ ቤቱ ይሻሻል ማለትና ሰዉ ይበተን ማለት አንድ አይደሉም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ልቤ ከመልስ 12 ጋር ነው። ቤት ይሠራል። አንዲት ሴት የጎረቤቷን ልጅ ሳትጠየቅ የምታነሳበት መተማመን ግን ለመብቀል ዓመታት ይፈጅበታል።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ። መልስ 15 ልጅቷን ለማንሸራሸር በአፍሪካ አዳራሽ በኩል እንድዞር ነግሮኝ፣ አዳራሹ የተመረቀበት 1961 የዲፕሎማቶች ሕግ የሆነው የቪየና ስምምነት የጸደቀበትም ዓመት መሆኑን ጨመረ። መልስ 16 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ቤት የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955 ነው፣ ዓመቶቹን በየትኛው አቆጣጠር እንደምትጽፉ ግለጹ ብሎ ተቆጣ። ልክ ነው፤ 1961ዱ በፈረንጅ ነው፣ 1955ቱ በእኛ። እትዬም ስለ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አንድ ሁለት ነገር ጻፉ። መልስ 17 ግን ከዚህ ጨዋታ መሃል ጠቃሚ ነገር አወጣች። በጥር መጨረሻና በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆን መሃል ከተማው ላይ መንገድ ይዘጋል። ያን ሳምንት ዳይፐር፣ የዱቄት ወተትና የትኩሳት መድኃኒት አስቀድማችሁ ያዙ፤ ቅርብ ወዳለው ሕክምና ቦታ በእግር የሚያስኬደውንም መንገድ እወቁ አለች።

ሞግዚት የሚለው ርዕስ የተነሳው በመልስ 18 ነው። ደላላ አትመን፣ ተያዥ ሳይኖራት አትቅጠር፣ ቤት ውስጥ ካሜራ አስገባ ይላል። አብዛኛው መልስ እንዲህ ነው፤ ሰው ሳይመጣ ጥርጣሬው ቀድሞ በር ላይ ይቆማል። ተያዥ መጠየቅ አይከፋም። ግን አንዲት ሴት ልጄን ታቅፋ የምትውል ከሆነ ከእሷም በኩል የሚጠየቅ ነገር አለ።

ያንን የጻፈችው መልስ 19 ናት። ለዓመታት በተለያዩ ዲፕሎማቶች ቤት ሞግዚት ሆና ሠርታለች። ማንንም በስም አላነሳችም። የጻፈችው ረጅም ነው፤ ብትችሉ ሙሉውን አንብቡት። አንዳንዱ ቤት ጥሩ ነበር። በአንዱ ቤት ግን እሑድ ዕረፍቷ እየተባለ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይቀራል። የምትበላው ለብቻ ነው። ልጁ ሌሊት ሲነቃ የሚጠራት እሷን ነው፤ እናቱ ሌላ ክፍል ትተኛለች። ሦስት ዓመት አዝላ ያሳደገችው ልጅ አንድ ቀን ሻንጣው ተዘጋጅቶ ወደ ኤርፖርት ሄደ። ለእሷ የነገሯት በዋዜማው ነው። ልጁ በመኪናው መስኮት ስሟን እየጠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሰው ልጅ መያዝ አልቻለችም። ምክሯ ሁለት ነው። የምድቡ ማብቂያ መቼ እንደሆነ ስትቀጥራት ንገራት። ልጅቷንም ቀስ እያልክ ለመለያየት አዘጋጃት።

መልስ 20 ይህን አንብቦ ርኅራኄ ይመጣለታል ብዬ ነበር። የመጣው ቁጣ ነው። ዲፕሎማቶች በዶላር እየከፈሉ የሞግዚት ዋጋ ሰማይ ሰቀሉት፣ እኛ ደሞዝተኞች ሰው አጣን አለ። ሲሻቸው ያባርራሉ፣ ሲከሰሱ ያለመከሰስ መብት አለን ይላሉ ብሎም ጨመረ። መልስ 21 ደግሞ አንተ ርካሽ ስለምትፈልግ ነው እንጂ ሰው መች ጠፋ ብላ መለሰችለት። ሁለቱ ለጥቂት መልሶች ተሰዳደቡ፤ አስተባባሪው ሦስቱን አጠፋ። ስለዚህ ቁጥሩ ከ21 ወደ 25 ይዘላል።

መልስ 25 የሕግ ሰው ነው፤ ነገሩን ቀዝቀዝ አድርጎ አስረዳ። የቪየና ስምምነት አንቀጽ 37 ቤተሰብን፣ ማለትም እኔንና ልጅቷን፣ በዲፕሎማቷ መብት ውስጥ የሚያስገባው የተቀባዩ አገር ዜጋ ካልሆንን ነው። አንቀጽ 36 የልጅቷን አልጋና ጋሪ ያለ ቀረጥ ያስገባል። አንቀጽ 41 ግን ያለመከሰስ መብት ያለውም ሰው የተቀበለውን አገር ሕግ የማክበር ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ብዙዎች የሚዘሉት አንቀጽ 33ን ነው። ዲፕሎማት የቀጠረው የግል ሠራተኛ የአገሩ ዜጋ ከሆነ፣ አሠሪው የአገሩ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በአሠሪ ላይ የሚጥለውን ግዴታ ይፈጽማል ይላል። ችግሩ ከእኛም ወገን ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ ለሞግዚቷ ከለላ የሚሆናት የጽሑፍ ውሉ ነው። በአማርኛ ይጻፍ፣ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ የሕመም ፈቃዱ፣ የስንብቱ ክፍያ ይዘርዘር፣ አንድ ቅጂ እጇ ላይ ይሁን አለ። ከመልስ 20 ቁጣ ውስጥ ያለውን እውነት በጨዋ ቋንቋ ያወጣው እሱ ነው። ውላችንን በዚሁ መንገድ ጻፍን።

መልስ 26 ምግብ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ባለሙያ ሆነ። አጥሚት፣ የአጃ ገንፎ፣ ምጥን፣ ፋፋ፣ ድንች በካሮት፣ የእንቁላል አስኳል። አንዷ ቅቤ አስልሷት አለች፣ ሌላዋ ማር። መልስ 1 እንደገና ብቅ ብላ ማር ዓመት ሳይሞላ በፍጹም አይሰጥም፣ የጨቅላ አንጀት የማይቋቋመው ቦቱሊዝም የሚባል የመመረዝ በሽታ ያመጣል አለች። የላም ወተትም ከዓመት በፊት የጡት ወተትን አይተካም፤ ከዓመት በኋላም ቢሆን ከጎረቤት የተገዛ ጥሬ ወተት ሳይፈላ አይጠጣም። ገንፎውን በጡት ወተት አቅጥኑት፣ ጨውና በርበሬውን ተዉት። ይህ ሁሉ በትሕትና ነው የተጻፈው።

መልስ 27 ግን ልጅቷ ካሳላት እንጥሏን አስቆርጣት፣ ተቅማጥ ከያዛት ግጓን አስነቅላት፣ የማውቃት ሴት አለች ብሎ ጻፈ። ነርሷ ትሕትናዋን ጣለችው። ባልጸዳ ምላጭ የተቆረጠ ሕፃን ደሙ አልቆም ብሎ፣ ቁስሉ መርቅዞ ሲመጣ የምትቀበለው እሷ ናት። ተቅማጥ ያለበት ልጅ የሚፈልገው ኦአርኤስ፣ ዚንክና ጡት ነው፣ ጥርሱን መንቀል አይደለም አለች። እንዲህ ያለ ምክር ድጋሚ ከለጠፍክ አስተባባሪው እንዲያጠፋው አደርጋለሁ ብላ አስጠነቀቀችው። ደግ አደረገች። ባህላችንን እወዳለሁ፤ ይህኛውን ግን ለማንም ልጅ አልመኝም።

መልስ 28 እኔው ነኝ። ጤና ጣቢያ ወስደን ካርድ አወጣንላትና የኩፍኙ ቀጠሮ 12/3/18 ተብሎ ተጻፈ። ባለቤቴ አየችውና ማርች 12 ቀን 2018 አድርጋ አነበበችው፤ በእሷ አቆጣጠር ድሮ ያለፈ ቀን ነው። ስሕተት ነው ብላ ልታስቀይረው ነበር። እኔ ኅዳር 12 መሆኑን ነገርኳት። በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ማለት ነው። ሌሎች ወላጆች እንዲጠነቀቁ ብዬ ለጠፍኩት። መልስ 29 በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስጽፉ አለች፤ ለትምህርት ቤትም ለሌላ አገር ሐኪምም ያ ካርድ ያስፈልጋል።

መልስ 30 ግን ሌላ ነገር አስታወሰን። ኅዳር 12 ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1911 የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ከፈጀ ወዲህ፣ በዚያ ቀን ሰው ደጁን ጠርጎ ቆሻሻ ያቃጥላል። ዛሬ ቆሻሻው ውስጥ ፕላስቲክ አለ፤ ለጨቅላ ሳንባ አይሆንም። መልስ 31 ይህ የአባቶች ወግ ነው፣ አትንኩብን አለ። እትዬ ግን የዚያ በሽታ ወሬ ከእናታቸው የሰሙ ናቸው፤ ዋናው ነገር ደጅ መጥረጉ ነው፣ ፕላስቲኩ ያን ጊዜ አልነበረም አሉ። ነርሷ መስኮት ዘግታችሁ እደሩ፣ ጭሱ ሲከብድ አትውጡ፣ ክትባቱ በማግሥቱም ይደርሳል አለች።

ጠዋት ጭሱ ቀለል ያለ ስለነበር ወጣን። ባለቤቴ ፈቃድ ወስዳ ነበር። ጋሪውን ትተን ልጅቷን በማዘያ ደረቴ ላይ አሰርኳት። መሻገሪያው ላይ አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ አስቆሙኝ። ምንም ሳይሉ የልጅቷን የወለቀ ካልሲ ሳብ አድርገው ቁርጭምጭሚቷ ላይ አደረሱት፣ በነጠላቸው ጫፍ ለሃጯን ጠረጉ፣ እደጊ እደጊ ብለው ቱፍ ቱፍ አሉባት፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ባለቤቴ ደንግጣ ቆመች። ልጅቷ ሳቀች። ይህን ስለጥፍ መልስ 32 ተናደደች፤ ሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ፊት ላይ ምራቅ ምን ይባላል አለች። መልስ 33 ደግሞ በረከት ነው፣ አይነካም አለ። ነርሷ የሚሳል ሰው አታስጠጉ፣ የቀረውን በፈገግታ ራቅ አድርጎ መቀበል ይቻላል አለች፤ እኛም እንደዚያ እናደርጋለን። እኔ ግን ያቺን ሴትዮ ባገኛቸው አቅፌ ባመሰግናቸው ደስ ይለኛል። ልጄ በዚህ ከተማ የማያውቃት ሰው የተጨነቀላት ያን ቀን ነው።

በመሃሉ የተለጠፉ የማይገናኙም አሉ። አንዱ ጄኔሬተር ይሸጣል። አንዱ ወባ እንዳለ ጠየቀ፤ አዲስ አበባ ላይ ከከፍታው የተነሳ አያሰጋም፣ አርባ ምንጭ ወይም ላንጋኖ ስትወርዱ ግን አጎበር ያዙ ተባለ። ሌላው ልጅቷ ኢትዮጵያዊት ናት ወይ ብሎ ሞገተ። የሕግ ሰውየው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 6 ጠቅሶ፣ ከወላጆቿ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ኢትዮጵያዊት ናት፣ ሌላ ዜግነት አብሮ መያዝን ግን ሕጉ አይፈቅድም አለ። ወረቀታችንን ለማን እንደምናሳይ ተነጋግረን እንወስናለን።

መልስ 38 የመጨረሻው አይደለም፤ ግን እኔ ሥራ የሠራሁበት እሱ ነው። ሞግዚት መቅጠራችንን፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት እንደምትገባ ጽፌ ነበር። የቀድሞዋ ሞግዚት፣ መልስ 19፣ ተመልሳ መጣችና አንዲት ጥያቄ ጠየቀችኝ። እሷ የአንተን ልጅ ስትይዝ የእሷን ልጅ ማን ይይዛል? አልጠየቅኳትም ነበር። ስጠይቃት የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። በአንድ ሰዓት እኛ ጋ ለመድረስ ሳይነጋ ተነስታ፣ ልጁን እንደተኛ አክስቷ ቤት ታደርሰዋለች። ባለቤቴ የቢሮ መግቢያዋን አስፈቅዳ ትንሽ ገፋ አደረገችው። እኔ ጠዋቱን ልጅቷን ይዤ ፀሐይ አሞቃታለሁ። ሞግዚቷ አሁን የምትገባው በሦስት ሰዓት ነው፣ ልጇን ቁርስ አብልታ። ደሞዟ አልተቀነሰም። መልስ 39 ይህን ሁሉ ማድረግ የምትችሉት ገንዘብ ስላላችሁ ነው አለ። እውነት ነው። ስለምንችል ነው ያደረግነው።

የውል ናሙናውን የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ፤ የሞግዚቷን ስም ሰርዤ እልካለሁ። ካዛንቺስ አካባቢ ሮቶ የሚያጥብ የታመነ ሰው የምታውቁም ንገሩኝ፤ የበፊቱ ስልኩን አያነሳም።